ክፍት የቀረው የድምፅ በር

የሞተች ሴት ድምፅ ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰማ። የአሳታሚ ድርጅቱ ጠበቃ ጢሙን ሊላጭ ፊቱን አረፋ አስቀብቶ እንደተቀመጠ፣ ወረፋ ከሚጠብቅ ሰው ስልክ አንዲት ሴት ልቦለድ ስታነብ ሰማ። መጽሐፉን አወቀው። ድርጅቱ በሚቀጥለው ወር ሊያወጣው ያዘጋጀው፣ ከቤቱ ሰዎች በቀር ማንም ያላየው መጽሐፍ ነው። አንባቢዋንም አወቃት። ከጥቂት ወራት በፊት ቀብሯ ላይ ቆሞ ነበር።

አንድ ጉንጩ ተላጭቶ ሌላው ሳይላጭ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ጉዳዩ ለእኔ ተሰጠ።

«ይህን ሁሉ ዓመት አገልግዬ ድምፅ አባራሪ ልሁን?» አልኩት አለቃዬን።

«የሚሮጠውን ሌባ ወጣቶቹ ያባርሩታል። ይሄኛው ቁጭ ብሎ የሠራ ሌባ ነው፤ ለጉልበትሽ ይስማማል።»

የጉልበቴ ነገር ሲነሳ አልወድም። ግን እውነቱን ስለሆነ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የድምፅ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ የተከራየ ጠባብ ቤት ነው። ዓይነ ስውራን የሚያዳምጧቸው መጻሕፍት የሚነበቡትና የሚቀረጹት እዚያ ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ ወፍራም ጨርቅ ስለለበሰ የሰው ንግግር ጆሮ ሥር የተባለ ያህል ቅርብ ሆኖ ይሰማል። ሥራ አስኪያጇ ስታናግረኝ ደጋግማ ሰዓቷን ታያለች።

«ሟቿ ይህን መጽሐፍ አስቀድማ ታነብልን ነበር» አለችኝ። «ዓይነ ስውራንም እንደ ሌላው ሰው መጽሐፉ በወጣበት ቀን እንዲያገኙት። ሳትጨርሰው ሞተች። አሁን ሌላ አንባቢ ከመጀመሪያው ታነበዋለች፤ የእሷ ንባብ ይደመሰሳል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ውላችን ነው። ጠበቃው ደግሞ እስከ ዓርብ ሌባው ካልተገኘና የወጣው ቅጂ ካልጠፋ፣ የድርጅቱን መጻሕፍት በሙሉ ከእኛ እንደሚያነሳ ነግሮኛል። ከእነሱ መጻሕፍት ውጭ ምን አለን? መደርደሪያው ባዶ ይቀራል።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«የኮምፒውተር ባለሙያችንን ከሥራ አግጄዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሳ።

ባለሙያውን በቤቱ ሁሉም «ከርነል» ይለዋል። ስብሰባ ላይ በተነሳ ቁጥር «ከርነሉ፣ ከርነሉ» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። የሕንፃው ዘበኛ ማዕረግ መስሎት «ኮሎኔል» እያለ ሰላምታ ይሰጠዋል። ታግዶ ለምርመራ ሲመጣ እንኳ ሰላምታው አልቀረበትም። ሲናገር እጆቹ የሚፈጥኑ፣ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ወጣት ነው።

«ይሄ ከርነል የምትለው ነገር ምንድነው?» አልኩት።

«የኮምፒውተሩ አስኳል ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ከማንኛውም መሣሪያ ጋር የሚገናኘው በእሱ በኩል ነው። አንድ ነገር በዩኤስቢ ሲሰካ ከርነሉ ካላወቀው፣ ያ ነገር ለኮምፒውተሩ የለም ማለት ነው። ንባቡ ሁሉ የሚቀመጥበትን የዚህን ማሽን ከርነል የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሠራው ረጅም ዝርዝር ይቀርብልኛል። ከአንዱ መሣሪያ ስም ፊት ኮከብ ካደረግሁ ከርነሉ ያውቀዋል፤ ባዶ ከተውኩት አያውቀውም። የቁልፍ ሰሌዳ ኮከብ፣ ማውስ ኮከብ፣ ድምፅ ኮከብ። ማከማቻ የሚባለው ዘር ግን ባዶ ነው። ፍላሽ ይሁን፣ ዲስክ ይሁን፣ ስልክ ይሁን፣ ፋይል ቀድቶ የሚወጣ ነገር አይገባም።»

«አሳየኝ።»

ፍላሼን ሰጠሁት። ሰካው። ማሽኑ «ጢን» አለና ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልመጣም።

«ጢን የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ያልተፈቀደ ነገር የሰካ ሰው እንዲያውቀው።»

«ኢንተርኔትስ?»

«ከዚህ ማሽን ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።»

«እንግዲህ በሩን የዘጋኸው አንተ ከሆንክ፣ መክፈት የሚችለውም አንተ ነህ።»

«ሁሉም የሚለው እሱን ነው» አለ፤ እጆቹ ቆሙ። «ግን ካልከፈትኩትስ? ሰረቀ ተብዬ ከዚህ ከወጣሁ ማን ነው ቁልፉን አምኖ የሚሰጠኝ? የእኔ ሥራ እኮ መታመን ብቻ ነው።»

አሳዘነኝ። ሌባም ያሳዝናል፤ ስለዚህ ሐዘኔን ኪሴ ከትቼ ወደ ሌላው ሰው ዞርኩ።

ሌላው ሰው የድምፅ ቀራጩ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ ጫማውን ባለ ጎማ ሶል ብቻ የሚያደርግ ሰው። «ጋሽ ፀጥታ» ይሉታል። ስገባ ኬብል እየጠቀለለ ነበር። በመስታወት የተከፈለውን ስቱዲዮ አሳየኝ፤ በዚያ በኩል አንድ ወንበርና ማይክሮፎን፣ በዚህ በኩል የእሱ ጠረጴዛ።

«እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ» አለኝ።

«ስንት ዘመን?»

«እሷ ከመጣች ጀምሮ።»

«ሥራዎ በትክክል ምንድነው?»

«መቁረጥ። ሰው ሲያነብ ይሳሳታል፣ ያስላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከእኔ ጋር ያወራል። ያንን ሁሉ ቆርጬ እጥለዋለሁ። የሚቀረው መጽሐፉ ነው።»

«የወጣው ቅጂ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም። ጥሬው ነው።»

«እርስዎም ይህን ማሽን ይነካሉ።»

«አጫውትበታለሁ፣ እቆርጥበታለሁ። የቀረውን ለከርነል ነው የምተወው። እኔ የማውቀው ኬብል ነው።»

«ቢሮው ሲዘጋስ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ዘንድ ነኝ። አልጋ ላይ ናት። ደውይና ጠይቂያት፣ ደስ ይላታል፤ የሚደውልላት የለም።»

ደወልኩ። «ወንድሜማ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ፤ ስለ ወገቧም ብዙ ነገረችኝ።

ልወጣ ስል ጋሽ ፀጥታ ጠራኝ። «ቅጂው ሲገኝ ይደመሰሳል?»

«ይደመሰሳል። እዚህ ያለውም ጭምር።»

ራሱን ነቀነቀና ኬብሉን ካቆመበት ቀጠለ።

የሟቿ ባል ዓይነ ስውር ነው። ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ይሠራል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ አስቀመጠኝ፤ በየመሃሉ «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» እያለ ከእኔ ጋር ያወራል። ጠበቃው ስሙን ደጋግሞ ሰጥቶኝ ነበር። ሚስቱ በሞተች ሰሞን ጥሬውን ቅጂ ጠይቆ የተከለከለ እሱ ነውና።

«ያነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ እኮ አሉዎት» አልኩት። «ሙሉ መደርደሪያ። ይሄኛው ምን ያደርግልዎታል?»

«መጽሐፎቹ ውስጥ እሷ የለችም» አለ። «ያለችው አንባቢዋ ናት። ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ። እርስዎ የሞተብዎት ሰው አለ?»

«እናቴ።»

«ፎቶ አለዎት?»

«አለኝ።»

«እኔ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ለእኔ መልኳ ድምጿ ነው። ያውም መጽሐፍ ስታነብ የምታወጣው አይደለም። እሱማ የሁሉም ሰው ነው። ሲሳሳቱ የሚወጣው፣ ‹ቆይ ቆይ› የምትለው፣ ጉሮሮዋን የምትጠርገው። ያ ደግሞ ተቆርጦ ይጣላል አሉኝ። ከዚህኛው መጽሐፍ ብቻ ነው ሳይቆረጥ የቀረው። የቀደሙት ጥሬዎች ጠፍተዋል።»

«ቅጂው እርስዎ ጋ አለ?»

«ሥራ አስኪያጇ ምንም አልሰጠችኝም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «ካገኛችሁት በኋላ የሚቀር ነገር የለም?»

«የለም።»

ስልክ ጠራ፤ ሊያገናኝ እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሳተው። ጥያቄዬን እንዳልመለሰልኝ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ቤቴ ስደርስ የእናቴን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። መልኳ መጣ፤ ድምጿ አልመጣም። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ፀጉር ቤት ከነበረው ሰው ተነስቼ ቅጂው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ሞከርኩ። ሰውየው ዓይነ ስውር ለሆነች እናቱ ሊወስድላት ነው በስልኩ የያዘው። እናትየዋ ከጓደኛዋ ተዋሰች። ጓደኛዋ ከሌላ ጓደኛዋ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ ብላ ነው የሰጠችኝ» ይሉኛል ሁሉም። ለአንድ ሌሊት የተባለው ቅጂ ከተማውን አዳርሷል። ስም ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም እኩል ይረሳሉ። ዓይነ ስውራን አይታለሉም የሚባለው ለካ ትክክል ነው፤ መርማሪን ግን ያታልላሉ።

በማግስቱ የፖሊስ ላቦራቶሪው ባለሙያ ደወለልኝ። ማሽኑን መርምሮ ጨርሷል።

«ልጁ ዋሽቶሻል» አለኝ። «ዝርዝሩ ላይ ማከማቻውን ባዶ አላደረገውም። ሦስተኛ ምርጫ አለ። ኮከብም አይደለም፣ ባዶም አይደለም፤ ለብቻው ተሠርቶ ጎን ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ተጠርቶ ከከርነሉ ጋር ይገጠማል። የማከማቻው ክፍል እንዲያ ተደርጎ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል።»

ከርነል ቤት ስደርስ በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ነው። ላቦራቶሪው ያገኘውን ነገርኩት።

«ውሸት ነገርከኝ።»

«ነገርኩዎት» አለ። «በዓመት አንዴ መጠባበቂያ ቅጂ እወስዳለሁ፤ ካልወሰድኩ ማሽኑ ቢቃጠል ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ለራሴ ብቻ የምትከፈት በር ተውኩ። ለሥራ አስኪያጇ ግን ‹ጨርሶ ዘግቻለሁ› ብዬ ነበር፤ ባወጣው ፈራሁ።»

«መጨረሻ የከፈትካት መቼ ነው?»

«እሷ የሞተች ሰሞን። ዲስኩ ማቃሰት ጀመረ። ድምጿ ሊጠፋ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቀዳሁትና አሸግሁት፤ ሥራ አስኪያጇ ካዝና ውስጥ ነው። ከርነሉ እያንዳንዱን ጥሪ ይመዘግባል፤ ላቦራቶሪው ያየዋል።»

ላቦራቶሪው አየ። የማከማቻው ክፍል ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተጠራም። ካዝናው ሲከፈት የዲስኩ ማሸጊያ እንዳለ ነው። ጠበቃው ግን አልተዋጠለትም። «አንዴ የዋሸ ሁለቴ ይዋሻል» አለኝ። አሁን ሁለቱም ጉንጩ ተላጭቷል።

«እርስዎ ዋሽተው አያውቁም?» አልኩት።

«እኔ ጠበቃ ነኝ» አለ፤ መልስ የሰጠኝ መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት እጄ ላይ የቀረኝ ቅጂው ራሱ ብቻ ነበር። እስካሁን ስለ ድምፁ ሰው ሁሉ ሲያወራልኝ ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም። በሬን ዘግቼ ማዳመጫ አደረግሁ።

ጥሩ አንባቢ ናት። ልቦለዱ ደህና ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን መሃል መሃሉ ነው። «ቆይ፣ ቆይ፣ ተሳሳትኩ» ትላለች። «ይሄን ቃል ማን ነው የጻፈው፣ ምላስ የለውም እንዴ?» ትልና ከመስታወቱ ማዶ ላለው ሰው ትስቃለች። የእሱ ድምፅ በውስጥ መገናኛው ቀጭን ሆኖ ይመጣል፦ «እንደገና ከላይ።» ውሃ ትጠጣለች። ብርጭቆውን ታስቀምጣለች። አንድ ቦታ ላይ ሳታስበው ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ የደከማት ሰው ትንፋሽ። እዚያ ትንፋሽ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ።

«ጢን።»

መልሼ ሰማሁት። ያው «ጢን» ነው፤ ፍላሼ ሲሰካ የሰማሁት።

ለሥራ አስኪያጇ ደወልኩና ዋናው ቅጂ ላይ ያንን ቦታ አጫውታ በስልክ አሰማችኝ። ትንፋሹ አለ፤ ጢኑ የለም። ስለዚህ ጢኑ እሷ ስታነብ የተቀረጸ አይደለም። ፋይል ሲቀዳ ደግሞ ማሽኑ የሚያሰማው ድምፅ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ይሄን ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ስታደርግ ያስነጠስከው ወረቀቱ ላይ አይወጣም።

ከርነልን አስጠራሁት። አጫወትኩለት። ሁለት ጊዜ ሰማና ቁጭ አለ።

«ፋይሉ አልወጣም» አለ ለራሱ። «ማንም ፋይል አልቀዳም። ተጫውቶ ነው የወጣው። ማሽኑ ሲያጫውት ሌላ መቅረጫ ሰምቶ ያዘው። ጢኑም በዚያው ቱቦ አብሮ ፈሰሰ።»

«በምን በኩል?»

«ከማሽኑ ወደ ሌላ መቅረጫ ድምፅ የሚያስተላልፈው የስቱዲዮው የድምፅ ካርድ እሷ ከሞተች ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ስለዚህ...» መዝገቡን ከፈተ፤ ጣቶቹ ይሮጣሉ። ከዚያ ቆሙ። «ሌላ የድምፅ ካርድ ተሰክቷል። ትንሽ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ። የእኛ አይደለም። ከርነሉ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ብሎ ተቀብሎታል፤ ድምፅን በሙሉ ኮከብ አድርጌዋለሁ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም። ሁሌ ቅዳሜ ነው።»

«እስካሁን እንዴት አላየኸውም?»

«የፈለግሁት ማከማቻ ነበር!» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ፤ ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ። ሌባ የምጠብቀው በፋይል በኩል ነው። የላቦራቶሪውም ሰው እንደዚያው። በድምፅ ቤት ውስጥ ድምፅ ሲያልፍ ማን ዞሮ ያያል?»

«ጢን ያለው መቼ ነው?»

«ካለፈው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። አንድ ስልክ ተሰካ፤ ከርነሉ አላወቀውም። ወዲያው ተነቀለ።»

ቢሮው በሚዘጋበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሥራ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጽዳት ሠራተኛዋ። መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ፊቴ ቆመች።

«እማማ፣ ስልክዎን እዚህ ማሽን ላይ ሰክተው ያውቃሉ?»

«ቻርጅ አልቆብኝ ነው። አንዴ ብቻ። ጮኸብኝ፣ ነቀልኩት። ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ያን ቀን እዚያ ማን ነበር?»

ወለሉን አየች። «ጋሽ ፀጥታ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ያለቅሳል። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ቆመው አያዩትም ልጄ። ወጣሁ። ማሽኑ ሲጮህም፣ እኔ ስወጣም ዞር አላለም።»

«ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?»

«ሌባ አይተሻል ወይ ነው የተባልኩት። ሌባ አላየሁም።»

ለእህቱ እንደገና ደወልኩ። «ይመጣል ብዬሻለሁ» አለች። «ሲመሽ ነው እንጂ። ቀን ሥራ አለብኝ ይላል።» ይህን በመጀመሪያው ስልክ ልጠይቃት ሲገባኝ ስለ ወገቧ ስሰማ ረስቼዋለሁ።

ጋሽ ፀጥታ ሲያየኝ ነገሩ ገባው። ወንበር ሳበልኝ፣ እሱም ተቀመጠ። ከመስታወቱ ማዶ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ባሏ ለመነኝ» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ሥራ አስኪያጇ እምቢ ስትለው እኔ ዘንድ መጣ። ‹አንድ ሰዓት ብትሆን እንኳ› አለኝ። ቤቴ አሮጌ የድምፅ ካርድ ነበረኝ። ሰካሁት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ሠራ። ወደ ትንሽ መቅረጫ አወጣሁትና ሰጠሁት። እሱ ደግሞ አንድ ጓደኛው ለምኖት ለአንድ ሌሊት አዋሰው።»

«የቀረውን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማሽኑን አስነስተው መሄድ ይችሉ ነበር። ሲያልቅ ተመልሰው መውሰድ። ቅዳሜን ሁሉ ቁጭ ብሎ መስማት አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም» አለ።

ወደ ባዶው ወንበር ዞረ።

«ዓይኔን ስጨፍን ከመስታወቱ ማዶ ትኖራለች» አለ። «ነግሬያት አላውቅም። ባል ያላት ሴት፣ ያውም እንደ እሱ ያለ መልካም ሰው። በየቀኑ አገኛታለሁ፣ በየቀኑ ታስቀኛለች፣ ምን ጎደለብኝ እል ነበር። የጎደለብኝ አሁን ነው የገባኝ። ናፍቆቷ ገደለኝ፤ ሌላ ምን ልበልሽ።»

«ጢኑንስ አልሰሙትም? እርስዎ እኮ ወንበር ሲንቋቋ ከሌላ ክፍል የሚሰሙ ሰው ነዎት።»

«ሰማሁት። ልቆርጠውም አስቤ ነበር። ግን ትንፋሿ ላይ ነው የወደቀው። ጢኑን ካወጣሁት ትንፋሿም አብሮ ይሄዳል።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ዕድሜዬን ሙሉ ትንፋሿን ቆርጬ ስጥል ኖሬያለሁ። ይሄኛውን አልቻልኩም።»

ብዙ ሰው ጥፋቱን አምኖልኛል። እንዲህ አንጀቴን የበላው ግን የለም።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ተሰበሰብን። ከርነል ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ጋሽ ፀጥታ ከዕለቱ ጀምሮ ጡረታ እንዲወጣ ተወሰነ። ባልየው መቅረጫውን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ግን አላነሳም። ጠበቃው ወረቀቶቹን አስተካከለ።

«ይሄም፣ የካዝናው ዲስክም፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረውም ሁሉ ይደመሰስ፤ ክሱን እናነሳለን» አለ።

«አንድ ጥያቄ» አልኩ። «የእናንተ የሆነው ምኑ ነው?»

«የመጽሐፉ ቃላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«‹ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ› የሚል መጽሐፋችሁ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«‹ይሄን ቃል የጻፈው ምላስ የለውም እንዴ›ስ?»

ጠበቃው ሊቆጣ ብሎ ተወው። «ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ቃላችሁ ሁሉ ይቆረጥ። ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቅር። የተረፈው የእናንተ አይደለም፤ የማንም ንብረት አይደለም፤ ሳልና ሳቅ ነው። እሱን ለባሏ ተዉለት።»

ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን ማየት ትታ ጠበቃውን አየችው። ጠበቃው ጉንጩን አሻሸ። «መጽሐፌ ከውስጡ እስከወጣ ድረስ» አለ፣ «ሳሏን ምን አደርገዋለሁ?»

ጋሽ ፀጥታ ለመጨረሻ ጊዜ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ሲቆርጥ ኖሮ የሚያውቀውን ሥራ ገልብጦ ሠራው። መጽሐፉን እያነሳ ጣለ፣ ይጥለው የነበረውን አስቀረ። ከርነል አጠገቡ ቆሞ የተቆረጠውን የመጽሐፍ ንባብ ሁሉ ደመሰሰ። ጠበቃው መጀመሪያ በጥርጣሬ ሲያዳምጥ ቆይቶ ኋላ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያ ሁሉ ሰዓት ንባብ አልቆ የቀረው አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚሰማ ነው።

ከርነል ለራሱ ትቷት የነበረችውን የማከማቻ በር ከፈተ፤ አሁን ሥራ አስኪያጇ እያየችው። የቀረውን ለባልየው ቀዳለት። ጠበቃው ፈርሞ ሄደ። እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ ሥራዬ አልቋል። ግን ባልየው እዚያው ማዳመጫ ጠይቆ ሲያደርግ ቆሜ ቀረሁ።

ሰማ። ፈገግ አለ። ከንፈሩ ከእሷ ጋር «ቆይ ቆይ» ሲል አየሁት። ቆይቶ ግንባሩ ተቋጠረ፤ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ጋሽ ፀጥታ፣ የእርስዎ ድምፅ የለበትም።»

«አውጥቼ ለብቻው ጎን አስቀመጥኩት። የእኔ ምን ያደርግልሃል ብዬ።»

«መጀመሪያ የሰጡኝ ላይ ነበረ።»

«ነበረ። የዚያን ጊዜ ምንም ሳልቆርጥ ነው የሰጠሁህ።»

ባልየው ማዳመጫውን በጣቶቹ አሻሸ። «እውነቱን ልንገርዎት። ያንን ስሰማ ተናደድኩ። ቤት ውስጥ እንዲህ ስቃ አታውቅም። እንዲህ የምትስቀው ለእርስዎ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ አደርኩ።»

ጋሽ ፀጥታ አንገቱን ደፋ። «ለዚያ ነው ያወጣሁት።»

«አሁን ግን ስሰማው» አለ ባልየው፣ «እርስዎ ሲጠፉ ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ የምትስቅ ሴት ሆነች። እንደ እብድ። ሚስቴ እብድ አልነበረችም። የሚያስቃት ሰው ነበራት።» ማዳመጫውን ወደ ድምፁ አቅጣጫ ዘረጋለት። «ራስዎን ይመልሱበት።»

ጋሽ ፀጥታ ማዳመጫውን ተቀበለ። ወንበሩን ወደ ማሽኑ ሳበና ከመጀመሪያዋ ሳቅ ጀመረ።